አፕዴቱ እምቢ አለኝ፤ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል

የእድር ጸሐፊ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ቤት ያለችኝ ኮምፒውተር አሮጌ ዴስክቶፕ ናት፤ ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነባት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችንን እድር መዝገብ የምይዘው በእሷ ነው። ኢንተርኔት የማገናኛት በወር አንዴ ነው፤ በስልኬ ከፍቼ አፕዴት አስደርጋትና እዘጋለሁ። ግንቦት ላይ ያለ ችግር ጨርሳለች።

ባለፈው ሐሙስ፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አፕዴቱን ጀመርኩ። ገና «እየፈለግኩ ነው» እንዳለች ዝናቡ መጣ፤ መብራትም ሄደ። ማታ መብራት ሲመጣ ደግሜ ብሞክር ስህተት ብላ ቁጥር አወጣችብኝ። ዜሮ ኤክስ 80072 ኤፍ 8 ኤፍ ይላል። በወረቀት ገልብጬ፣ በስልኬ ነው የምጽፍላችሁ።

አራት ጊዜ ሪስታርት አድርጌያለሁ። ቦታ ጠቧት ይሆናል ብዬ የልጄን የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ አወጣሁት። አዲስ ጥቅልም ገዛሁ። በስልኬ ሁሉም ይከፈታል፤ እሷ ግን ያው ናት። አንድ ጥገና ቤት ብጠይቅ ልጁ ሳያያት «ፎርማት ትደረግ» አለኝ። የስንት ዓመት መዝገብ ያለበትን! መብራቱ ነው ያበላሻት?

ከቢቸና፦

ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ፎርማት አያስፈልግም። አፕዴት መሀል መብራት ሲሄድ የወረደው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል። ሰርቪስስ (ዊንዶውስ ከጀርባ የሚያሠራቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ ይግቡና ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ያቁሙት። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን፣ ዳውንሎድ ብለው ይግቡ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። ሰርቪሱን መልሰው አስነስተው ይሞክሩ። የእርስዎን መዝገብ አይነካም።

የቡሬው ጠጋኝ፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለሌላ ቀን ይያዙት። ይህ ቁጥር ግን የተቆረጠ ፋይል ምልክት አይደለም። ኮምፒውተሩ ከአፕዴት ሰርቨሩ፣ ማለትም አፕዴቱን ከሚልከው የማይክሮሶፍት ኮምፒውተር ጋር ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር ሲያቅተው የሚመጣ ነው። እኔ ጋ በዚህ ቁጥር ሲመጡ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ ከታች በቀኝ ጥግ ያለው ቀን ስንት ይላል? ዓመቱንም ጨምረው ይንገሩኝ። ሁለተኛ፣ በራሷ በኮምፒውተሯ ክሮም ከፍተው አንድ ድረ ገጽ ይሞክሩ፤ በስልክዎ አይደለም።

የእድር ጸሐፊ፦

ክሮም ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። እንዴት ይቀራል? እኔው ራሴ ነኝ የሞላሁት! 10/15/2017 ይላል። ዛሬ ሰኔ 15 ቀን 2017 አይደለም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል ላይ ኮንትሮልና ሴሚኮለን ስጫን የዕለቱ ቀን ቁጭ ይላል። ግን በፈረንጅ ነው የሚመጣው። እድርተኛው ደረሰኙን ሲያይ «ይሄ የማን ቀን ነው?» ይለኛል። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰዓቱን በራሷ የምትሞላበትን አውቶማቲክ አጠፋሁና ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አደረግኩት። ደረሰኙ አማረልኝ። ይህ ከአፕዴት ጋር ምን አገናኘው?

የቡሬው ጠጋኝ፦

ጋሼ፣ በሳቅ ገደሉኝ! ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብልሃቱስ ብልሃት ነው።

ግንኙነቱ ይኸውልዎት። ሰርቨሩ «እኔ እውነተኛው ነኝ» ብሎ ሰርተፍኬት ያሳያል። እንደ መታወቂያ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ ያለሁት በፈረንጅ 2017 ነው ብላ አምናለች። መታወቂያው የተሰጠበት ቀን ለእሷ ገና አልደረሰም። ታዲያ የነገ ዓመት መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው በር ትከፍትለታለች? መብራቱ በዚህ የለበትም።

ደግሞስ ጥቅምት 29 እና 30 ሲደርስ ምን ሊያደርጉ ነበር? ሁለተኛው ወር ለእሷ ፌብሩዋሪ ነው፤ በ28 ያልቃል። ጳጉሜንንማ ተዉት፣ 13ኛ ወር አታውቅም።

አሁን ቀኑን በእጅዎ ጁን 22፣ 2025 ያድርጉት። ሰዓቱንም በፈረንጅ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለእሷ 9 ነው። ታይም ዞን ላይ አዲስ አበባን አይፈልጉ፤ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፣ ፕላስ 3 ነው። አውቶማቲኩን የሚያበሩት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ዊንዶውስ በራሱ ለማስተካከል እሺ አይልም።

ለደረሰኙ ደግሞ ኤክሴሉ ላይ መጀመሪያ አንዲት አፖስትሮፍ ይምቱ፤ ከዚያ «ሰኔ 15 ቀን 2017» ብለው ይጻፉ። እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ አይነካብዎትም።

ከደብረ ማርቆስ፦

እኔም ልጨምር። ቀኑን ሳትነኩት በራሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ የምትቸገሩ ካላችሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚሆን ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለውጡ። ሲአር2032 በሏት፣ ሰዓት ሻጮችም ጋ ትገኛለች። የእኔን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ጋሼ ደግሞ አንድ ይወቁ። ለዊንዶውስ 10 የሚመጣው መደበኛ አፕዴት በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025 ያበቃል። በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው።

የእድር ጸሐፊ፦

ሠራች! ልቤ ቸኩሎ አውቶማቲኩን አስቀድሜ ነካሁትና፣ እንዳልከው እምቢ አለች። ከዚያ በእጄ ቀኑን ሞላሁ፣ ናይሮቢን መረጥኩ (ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ!)፣ አውቶማቲኩን አበራሁ። አፕዴቱ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ሪስታርት ጠይቃ ጨረሰች። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር፤ ጠዋት ሳያት ሰዓቷ ልክ ናት፣ ባትሪዋ ደህና ነው ማለት ነው።

የቢቸናው ልጄ፣ ያንተንም ጽፌ አስቀምጫለሁ። የደረሰኙን ቀን አሁን በጣቴ እየጻፍኩ ነው፤ ትንሽ ያዘገያል እንጂ ይሠራል። ጥቅምት 4 ሲቃረብ ተመልሼ አስቸግራችኋለሁ።