አስቸኳይ፦ ገርብል ሥራ መሃል አላርም 1 እያለ ይቆምብኛል፤ በየትኛው ሶፍትዌር ልቀይረው?

የዛፍ ልጣጭ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሲኤንሲ ማሽኔ (ኮምፒውተር የሚመራው የእንጨት መቅረጫ) ፊት ቆሜ ነው የምጽፈው። የጠረጴዛ ገጽ እየቀረጽኩ ነበር። ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ቀጥ አለ። ስክሪኑ አላርም 1 ይላል። ስፒንድሉ (መቁረጫ ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ግን መዞሩን አልተወም። ቢቱ ባለበት ቆሞ እንጨቱን ሲፈትግ ጭስ ጭስ ሸተተኝና ሮጬ አጠፋሁት። አላርሙን ስከፍተው እሺ ይላል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ያው። ጫፍ የደረሰ ዘንግ የለም፣ መሃል ሜዳ ላይ ነው። ገርብል ሰልችቶኛል። ኦፕን ሶርስ ከሆኑት ውስጥ የማይቆመው የትኛው ነው? ዛሬ ማታ ጭኜ ሥራውን ልጨርስ። እንጨቱ እንደታሰረ ነው፣ አልነካሁትም።

ፊውዝ
የማይቆም ሶፍትዌር ባትመኝ ይሻልሃል። ቀዩን ቁልፍ ስትመታው «አልቆምም» ካለህ ምን ይውጥሃል?

ናቲ ፕሪንተር
ወንድሜ የዩኤስቢ ገመዱን ቀይር። አጠር ያለ፣ ፌራይት (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያፍን ቀለበት) ያለበት። እኔ ጋ በዚህ ተስተካክሏል።

ጋሽ ቶርኖ
ልጆች፣ ነገሩ ከሥሩ ይታይ እንጂ። ሰው ሶፍትዌር ሲመርጥ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ለሞተሩ ፐልስ የሚያመነጨው ማን እንደሆነ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲን ውሰዱ። መነሻው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያሠራው ኢኤምሲ የተባለ ፕሮግራም ነው። የትላንት ልጅ አይደለም። እዚያ ላይ ስሌቱን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሆነ ሪል ታይም ከርነል (ሥራውን ሳያዘገይ በሰዓቱ የሚሠራ የሊኑክስ እምብርት) ይፈልጋል። ከመጫናችሁ በፊት የሌተንሲ (የመዘግየት) ፈተናውን አስኪዱ። እየሄደ ሳለ ቪዲዮ ክፈቱ፣ መስኮት ጎትቱ፣ ፋይል ገልብጡ፣ ኮምፒውተሩን አስጨንቁት። መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን ትልቁ ቁጥር ነው። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በየመሃሉ ያንቀላፋል። ገርብል ግን 16 ሜጋኸርዝ በሆነች፣ 2 ኪሎባይት ራም ባላት ቺፕ ላይ የተጨናነቀ ነገር ነው። በሰከንድ 30 ሺህ ገደማ እርምጃ ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ዜሮ ነጥብ
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ለዛሬ ማታ ግን አይሆንም። ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚፈልገው ፓራለል ፖርት ወይም እንደ ሜሳ ያለ ካርድ ነው። በዩኤስቢ የተሰካውን ቦርድ አውልቆ መጣል ነው ትርጉሙ።

ጠያቂ፣ ሦስት ነገር ንገረን። ቦርዱ ምንድነው? ስፒንድሉ ምን ዓይነት ነው? የሊሚት ስዊች (ዘንግ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ማቆሚያ) ሽቦዎቹስ በየት በኩል ነው የሚያልፉት?

የዛፍ ልጣጭ (ጠያቂ)
ናቲ፣ እህትህ ነኝ። ገመዱን ቀይሬዋለሁ፣ ያው ነው።

ቦርዱ አርዱዪኖ ኡኖ ከነሺልዱ (ላዩ ላይ ከሚሰካው ሰሌዳ ጋር)። ስፒንድሉ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሳጥን)። ከኢንቨርተሩ ቁልፍ ላይ ነው የማስነሳው። ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድ የኬብል ሰንሰለት ውስጥ ነው የሚሄዱት፣ ሲሸጥልኝ እንደዚያ ነበር። ሽቦው ግን ደህና ነው። ስፒንድሉን ሳላስነሳ ፋይሉን በአየር ላይ እስከ መጨረሻው አስኪጄዋለሁ፣ አንዴም አልቆመም። ስለዚህ ካንድል ነው የተበላሸው።

ብየዳ በማታ
ቆይ ቆይ። ካንድልና ገርብል አንድ አይደሉም። ገርብል ቦርዱ ውስጥ የተጫነው ፈርምዌር ነው፤ ሞተሩን የሚነዳው እሱ ነው። ካንድል ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ ጂ ኮዱን (የመቅረጫ ትዕዛዞቹን) መስመር በመስመር የሚልክ ተላላኪ ነው። ሲኤንሲጄኤስ በይ፣ ቢሲኤንሲ በይ፣ ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር በይ፣ ሁሉም ተላላኪ ናቸው። ተላላኪውን ዛሬ ማታ በአምስት ደቂቃ መቀየር ትችያለሽ። አላርሙን የሚጮኸው ግን ከታች ያለው ስለሆነ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነሽ።

ፊውዝ
ማለትም ደብዳቤው ስላላስደሰታት ፖስተኛውን ልታባርር ነው።

ዜሮ ነጥብ
«ያለ ስፒንድል እስከ መጨረሻው ሄዷል» ያልሽው ነው ዋናው ፍንጭ። ሽቦው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፣ የተገላቢጦሽ ነው። ስፒንድሉ ሲጠፋ ይሠራል፣ ሲበራ ይቆማል። ሶፍትዌሩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

አላርም 1 ማለት ገርብል «ሊሚት ስዊች ተነክቷል» የሚል ምልክት ደረሰው ማለት ነው። ስዊቹን ማንም አልነካውም። የነካው ከኢንቨርተሩ ኬብል የዘለለ ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው። ኢንቨርተር ሞተሩን የሚመግበው በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ነው። የሊሚት ሽቦሽ ከዚያ ኬብል ጋር ጎን ለጎን በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ሲሮጥ አንቴና ይሆናል። በዚያ ላይ ኡኖው ሽቦውን ወደ 5 ቮልት የሚይዘው ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም በሆነች ደካማ የውስጥ ሬዚስተር ነው። ትንሽ ግፊት ይበቃታል።

ስፒንድሉ ያልቆመውም ለዚህ ነው። ገርብል አላርም ሲሆን ስፒንድሉን እንዲጠፋ ያዛል። አንቺ ግን ከኢንቨርተሩ ቁልፍ ስለምታስነሺው ትዕዛዙ የሚደርስበት መንገድ የለም። ይሄን ሌላ ጊዜ አስተካክዪው፣ እሳት ያስነሳል።

አሁኑኑ ለማረጋገጥ፦ $21=0 ብለሽ ላኪ። የሃርድ ሊሚት ጥበቃውን (ስዊች ሲነካ ማሽኑን የሚያቆመውን) ያጠፋዋል፣ ሆሚንግ (ማሽኑ ስዊቾቹን ነክቶ መነሻ ቦታውን የሚያውቅበት) ግን እንደበፊቱ ይሠራል። ቢቱን ከእንጨቱ በላይ ከፍ አድርገሽ፣ ስፒንድሉ እየዞረ፣ ፋይሉን በአየር ላይ አስኪጂው። ካለፈ ነገሩ አለቀ፣ ኖይዝ ነው።

ናቲ ፕሪንተር
እኔ አሁንም ዩኤስቢ ነው የምለው። ከቦርዱ በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ፣ ያለ ሃብ።

ዜሮ ነጥብ
ናቲ፣ ዩኤስቢ ቢቆረጥ ኖሮ አላርም 1 የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ በምን በኩል ይመጣል? መልእክቱ የደረሰው መስመሩ ስላለ ነው። ዩኤስቢ ሲሞት ፖርቱ ይጠፋል ወይም ቦርዱ እንደ አዲስ ተነስቶ የሰላምታ መስመሩን ይጽፋል። ያ ሌላ በሽታ ነው።

ፊውዝ
የኔ ማሽን ጂኒ ነበረበት። የአቧራ መጥመጫውን ፕላስቲክ ቱቦ በነካሁት ቁጥር ቀጥ ይላል። ጸበል ልረጨው ስል አንድ ሰው ቱቦው ውስጥ ባዶ የመዳብ ሽቦ አስገባና ኧርዝ አድርገው አለኝ። ጂኒው ዕቃውን ሸክፎ ሄደ።

ብየዳ በማታ
ፊውዝ እየቀለደ እውነቱን ተናገረ። ደረቅ አቧራ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ ስታቲክ ያጠራቅማል፣ ያም ሊሚቱን ያስጮኸዋል። እሱንም እዩት።

ጋሽ ቶርኖ
ሃርድ ሊሚት አጥፍቶ ማሠራት ግን አይዋጥልኝም። ጭስ ጠቋሚው ጮኸ ተብሎ ባትሪው አይወጣም።

ዜሮ ነጥብ
ለመመርመሪያና ይህችን አንድ ሥራ ለመጨረስ ነው ጋሼ፣ ለዘላለም አይደለም። ሆሚንግ ካደረገች $20=1 ብላ ሶፍት ሊሚቱን ማብራት ትችላለች። እሱ ስዊቹን አያይም፣ በስሌት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ኖይዝ አያስደነብረውም። እጇም ከቀዩ ቁልፍ አይራቅ።

የዛፍ ልጣጭ (ጠያቂ)
$21=0 አድርጌ ስፒንድሉ እየዞረ በአየር ላይ አስኬድኩት። የቆመበትን ቦታ አልፎ ሄዷል!! አሁን ከቆመበት እንዴት ልቀጥል? ዝም ብዬ «ጀምር» ልበለው?

ብየዳ በማታ
አይ! ሃርድ ሊሚት ሲመታ ሞተሮቹ በሩጫ ላይ ሳሉ ነው የሚቆሙት፣ ስለዚህ ማሽኑ ያለበትን ቦታ አያውቅም። መጀመሪያ ሆሚንግ አድርጊ። ከዚያ ጥያቄው ዜሮሽን በምን አስቀመጥሽው ነው። በጂ 10 ኤል 20 ትዕዛዝ ከሆነ ጂ 54 በሚባለው የቦርዱ ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ ተጽፎ ይቆያል፣ ከሆሚንግ በኋላ ልክ ቦታው ትመለሻለሽ። በጂ 92 ከሆነ ግን ከሪሴቱ ጋር ጠፍቷል፣ ዜሮውን ከነበረው ጠርዝ ላይ እንደገና መፈለግ አለብሽ። ቢቱን ከፍ አድርገሽ ወደ ዜሮ ላኪውና በዓይንሽ አረጋግጪ።

ፋይሉን ከመሃል ስታስጀምሪ ደግሞ የላይኞቹ መስመሮች እንደሚዘለሉ አትርሺ። ሚሊሜትር መሆኑን የሚነግረው ጂ 21፣ ቦታው ከዜሮ እንዲቆጠር የሚለው ጂ 90፣ የፊዱ (የቢቱ ጉዞ) ፍጥነት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ናቸው። እነሱን አስቀድመሽ ላኪ፣ ዜድን ከፍ አድርገሽ ወደ መነሻው ሂጂ፣ ከዚያ ብቻ ውረጂ። ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር ከመረጥሽው መስመር የሚያስጀምር ነገር አለው። ከቆመበት ጥቂት መስመር ወደ ኋላ ብለሽ ጀምሪ። የተቀረጸውን ደግሞ ቢያልፍበት አይጎዳም።

ዜሮ ነጥብ
ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ዘላቂውን እንነጋገር። የስፒንድሉ ኬብል ሺልድ (የብረት ሽፋን) ያለው ይሁን፣ ሺልዱ ኢንቨርተሩ ጋ ኧርዝ ይደረግ። የሊሚት ሽቦዎቹን ከዚያ ሰንሰለት አውጪያቸው። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው ይለፉ እንጂ አብረው አይሩጡ። በየሊሚት ፒኑና በግራውንድ መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ከፒኑ ወደ 5 ቮልት ደግሞ ከ1 እስከ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር። ስዊቹን ኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነካ ዝግ የሚሆን) አድርገሽ ብትቀጥዪው የበለጠ ይሻላል፣ ያኔ ምልክቱ ተገልብጦ እንዲነበብ $5=1 ማለት ያስፈልጋል። በዚህ አቀጣጠል ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ወዲያው ታውቂያለሽ። ከሁሉም የሚሻለው ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ቺፕ) ነው።

ኢንቨርተሩን ከመክፈትሽ በፊት ከሶኬት ንቀዪው፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህልም ጠብቂ። ጠፍቶ እንኳ ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቮልቴጅ ይይዛሉ።

ማሩ ሲኤንሲ
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ማች 3 አትጭንም?

ብየዳ በማታ
ኦፕን ሶርስ ነው የተባለው። ደግሞ በፓራለል ፖርት ከሆነ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሄድም።

ናቲ ፕሪንተር
ፍሉይድ ኤንሲስ? ኢኤስፒ 32 በሚባል ቺፕ ላይ ነው፣ በዋይፋይ ከስልክ ይታዘዛል፣ ቅንብሩም አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፈርምዌር እንደገና መጫን የለም።

ዜሮ ነጥብ
ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ገርብል ሃል ደግሞ አለ፣ ቲንሲ 4.1ን በመሰሉ 32 ቢት ቦርዶች ላይ። አራተኛ ዘንግ ወይም የበለጠ ፍጥነት የፈለገ ወደነሱ ይሂድ። ባለ ሦስት ዘንግ የእንጨት ማሽን ግን ኡኖዋ ትበቃዋለች። ሽቦው ሳይስተካከል ቦርድ መቀየር ደግሞ ሊብስ ይችላል፤ ኢኤስፒ 32 በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ ለኖይዝ ያለው ትዕግሥት ከ5 ቮልቱ ያነሰ ነው።

ፊውዝ
ጠረጴዛው አለቀ? ፎቶ!

ዜሮ ነጥብ
ልጣጭ፣ አልፎልሽ እንደሆነ ጻፊልን። $21ን ወደ 1 መመለስም አትርሺ።

አዲስ ጀማሪ
ይቅርታ መሃል ገባሁ። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ የኔ ግን አላርም 2 ነው የሚለው። ካፓሲተር ልግዛ?

ዜሮ ነጥብ
ምንም አትግዛ። አላርም 2 ሶፍት ሊሚት ነው። ፋይልህ ከማሽኑ ወሰን ውጪ ሂድ እያለው ነው። $130፣ $131 እና $132 ላይ የተጻፈው ርዝመት ከማሽንህ ጋር ይገጥም እንደሆነ እይ። ከገጠመ የሥራ ዜሮህ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። በአላርም 2 ማሽኑ ቦታውን አይረሳም፣ አላርሙን ከፍተህ ዜሮውን አስተካክልና ቀጥል።