ልጄን ቴኳንዶ ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ

እናት_ከሰሚት፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው፣ ጽሁፌ ቢረዝምም ታገሱኝ። ወንዱ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ 6ኛ ክፍል፣ ትምህርቱ ደህና ነው ግን አምና ሰፈር ስንቀይር ትምህርት ቤትም ቀየረና ከዛ ወዲህ ልጁ ኩምሽሽ አለብኝ። ቦርሳውን ወርውረውበት ምሳቃውን በልተውበት ይመጣል፣ ስጠይቀው "ምንም አልሆንኩም" ነው መልሱ። እሱም ይሁን፣ ከሁሉ የባሰብኝ ግን ትንሽ ነገር ሲከብደው ወዲያው መተው ጀመረ። ሒሳብ አንዴ አልመጣ ካለው ደብተሩን ይዘጋና "እኔ አልችልም በቃ" ይላል፣ ይቺ አልችልም ምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ቴኳንዶ ይሰራል፣ ቁጥብ ልጅ ነው፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዘንቢሌን ተቀብሎ ነው ሚያደርስልኝ፣ እናቱ "ስፖርቱ ነው የለወጠው" ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ "ዱላ ተምሮ ሰው ቢጎዳስ፣ ጉልበተኛ ልታደርጊው ነው ወይ" ይላል፣ እውነት ለመናገር እኔም ጭንቅላቱን እንዳይመቱት እፈራለሁ። ሰፈራችን ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ ኢንተርናሽናል ሌላው ወርልድ ይላል ልዩነቱ አይገባኝም። እውነት ልጅ ይለውጣል? ጥሩ አሰልጣኝስ በምን ይታወቃል?

ሳቦም_ኮተቤ፦
እህቴ ሰላም። እኔ አሰልጣኝ ነኝ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ነው ማሰለጥነው፣ ከልጆች ጋር 11 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ የባለቤትሽን ስጋት አትናቂው፣ ትክክለኛ ስጋት ነው፣ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው ወር እርግጫ ተምሮ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። የሚማረው መቆም ነው። ቻርዮት ሲባል ቀጥ ብሎ፣ አይኑን ሳያንከራትት፣ ዝንብ እንኳን አፍንጫው ላይ ብታርፍ ሳይነካካ መቆም፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ለ12 ዓመት ልጅ ትልቅ ስራ ነው። ከዛ ቆጠራ አለ። እንቅስቃሴ ስንሰራ በኮሪያኛ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት እያልን ነው ምንቆጥረው፣ እያንዳንዱ ልጅ ተራ ይደርሰዋል፣ ሌላው ሁሉ በሱ ድምጽ ነው ሚንቀሳቀሰው። ድምጹ ካልተሰማ አዳራሹ ሙሉ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቱ ውስጥ ነበር ሚቆጥረው፣ አልጮኽኩበትም፣ "እንደገና" ብቻ ነው ምለው። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ "ሃና!" ሲል በር ላይ የነበረው ዘበኛ ሳይቀር ዞሮ አየ። ልጁ ራሱ ደንግጦ እኔን አየኝ፣ እኔ "ቀጥል" አልኩት፣ እስከ አስር ቆጠረ። ዛሬ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጀማሪዎቹን ሚያሟሙቅልኝ እሱ ነው።

መሪነት ምናምን ሲባል ሰው ንግግር ማድረግ ይመስለዋል፣ እኛ ጋ የሚጀምረው በቀበቶ ነው። ቢጫ ቀበቶ የደረሰ ልጅ ሁሉ አንድ ነጭ ቀበቶ ያለው ጀማሪ ልጅ ይሰጠዋል እንዲንከባከበው። ተንበርክኮ ያስርለታል፣ ሁለቱ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ ከረዘመ ፈትቶ እንደገና። ትንሹ ልጅ ተሳስቶ ሲዞር ምጠይቀው ትንሹን አይደለም ትልቁን ነው። ልጅሽ ላይ "አልችልም" የምትለዋን ቃል የሚያስጥለው ይሄ ይመስለኛል፣ እሱን የሚያይ ከሱ ያነሰ ሰው ሲኖር ቃሉ ካፉ አይወጣም።

ወደ ባለቤትሽ ስመለስ። ልምምድ ስንጀምር የምንምለው መሀላ አለ፣ ሦስተኛዋ "ቴኳንዶን ያለ አግባብ አልጠቀምም" ነው ምትለው። አምስት መርህም አለ፣ ትህትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ግን ይሄን ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሁሉ ያስተምረዋል ማለት አይደለም። እኔ ጋ ትምህርት ቤት ተደባድቦ የመጣ ልጅ ጥፋቱ የሱም ባይሆን ተቀምጦ ያያል፣ ወላጁን አነጋግራለሁ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይዋሽ መናገር አለበት። ስለዚህ አሰልጣኙን በቀጥታ "ልጄ ሰው ቢመታ ምን ታደርጋለህ?" ብለሽ ጠይቂው፣ መልሱ ላይ ትረጂዋለሽ።

የሁለቱ ልዩነት ባጭሩ፣ ኢንተርናሽናል ጄነራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ በ1966 ባቋቋመው ፌዴሬሽን ስር የመጣው ነው፣ ወርልድ በ1973 የተቋቋመው፣ ከ2000 ሲድኒ ጀምሮ ኦሎምፒክ ላይ ሜዳልያ ያለው እሱ ነው፣ ሰለሞን ደምሴ ቶኪዮ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በ58 ኪሎ የተወዳደረውም በወርልድ ነው። ጭንቅላትን በተመለከተ ወርልድ ላይ በእጅ ፊት መምታት ክልክል ነው በእግር ግን ይፈቀዳል እንደውም ከሰውነት በላይ ነጥብ ያሰጣል፣ እኛ ጋ ደግሞ ጓንት አድርገው በእጅም ፊት ይመታል። ለጀማሪ ግን ሁለቱም ጋ ፍልሚያ መጀመሪያ ላይ መኖር የለበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅ ለልጅ የሚያጋጥም አሰልጣኝ ካየሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

የባህርዳሯ፦
እኔ ደግሞ እንደ እናት ልጻፍልሽ የኔ እህት። ሴት ልጄ ናት ምትሰራው፣ 10 ዓመቷ ነው። ሳቦም የጻፈው ሁሉ ልክ ነው ግን ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ፈተና መውደቅ አለ።

ቾንጂ ሚባል ፓተርን አለ፣ የመጀመሪያው ማለት ነው፣ 19 እንቅስቃሴ፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ እየዞርሽ ትሰሪና ስትጨርሺ የጀመርሽበት ቦታ ላይ መመለስ አለብሽ። ቤት ውስጥ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ስንቴ እንደሰራችው እኔ ነኝ ማውቀው፣ ጠረጴዛውን ሁሉ አንስተንላት። የፈተናው ቀን መሀል ላይ በግራ መዞር ሲገባት በቀኝ ዞረች፣ ከዛ ሁሉም ተዘበራረቀባት፣ ሌሎቹ ልጆች ወደ ፈታኞቹ ዞረው ሲጨርሱ እሷ ፊቷ ወደ ግድግዳ ሆኖ ብቻዋን ቆማ ቀረች። ወላጅ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ልሄድ ነበር፣ ማቀፍ ነበር የፈለግኩት፣ አሰልጣኟ በእጇ ቁጭ በይ አለችኝ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ትንሽ ቆየች፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል፣ ከዛ ራሷ ዞረች፣ እጅ ነሳች፣ ቦታዋ ተመለሰች። ወደቀች። ቀበቶው አልተሰጣትም። ታክሲ ውስጥ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ ተፈተነች አለፈች፣ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ አይደለም። በዚህ ሴሚስተር ሳይንስ ከ20 6 አምጥታ ወረቀቱን አምጥታ ሰጠችኝና "እማዬ በግራ ነበር መዞር የነበረብኝ" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዛ ገባኝ፣ ተሳስቻለሁ የቱ ጋ እንደሆነ አውቄዋለሁ እያለችኝ ነው። ድሮ ብትሆን ወረቀቱን ደብቃ ነበር።

ስለዚህ እህቴ ልጅሽ ሲወድቅ አሰልጣኙ ላይ አትጩሂ፣ "ለምን አላሳለፍከውም ከፍያለሁ እኮ" የሚሉ ወላጆች አይቻለሁ፣ ለልጁ ምን እያስተማሩት እንደሆነ አይታያቸውም።

የድሮ_ተማሪ፦
ጥሩ ጥሩውን ብቻ ሰምተሽ እንዳትገቢ እኔ ሌላውን ጎን ልናገር። ልጅ እያለሁ የሰራሁበት ቦታ ስሙን አልጠራም፣ አሰልጣኙ ሜዳልያ ብቻ ነበር ሚያየው። መሀላ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ገብተን እንደባደባለን እንወጣለን። ያለቀሰ ልጅ "ሴት ነህ" ይባላል፣ ቀበቶ ደግሞ በየሁለት ወሩ ብር ለከፈለ ሁሉ። እኔ እዛ ሁለት ዓመት ሰርቼ የወጣሁት ድፍረት ይዤ አይደለም ንዴት ይዤ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ነገር ሲነካኝ እጄ ይቀድማል፣ ታናሽ ወንድሜን ሳይቀር መትቼዋለሁ እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ስማር አንድ ጥናት አጋጠመኝ፣ ትሩልሰን ሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1986 ያሳተመው፣ ጥፋት ውስጥ የገቡ ከ13 እስከ 17 ዓመት ልጆችን ለስድስት ወር በሦስት ቡድን ከፍሎ አሰለጠናቸው። አንዱ ቡድን ባህላዊውን ቴኳንዶ ከነ ስነምግባሩ ከነ ፓተርኑ፣ ሁለተኛው ፍልሚያውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስ። ባህላዊውን የሰሩት ልጆች ጠበኝነታቸው ቀነሰ፣ ፍልሚያ ብቻ የተማሩት ባሰባቸው። ሳነበው ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ቡድን እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ጥቂት ስለነበሩ ጥናቱን ለብቻው የመጨረሻ ማስረጃ አድርጌ አላየውም፣ ግን በራሴ ያየሁትን ነው የነገረኝ።

ስለዚህ ጥያቄው ቴኳንዶ ይለውጣል ወይ አይደለም፣ ይለውጣል፣ ወደየት ነው ሚለውጠው ነው። ከመክፈልሽ በፊት ሄደሽ አንድ ሙሉ ልምምድ ተቀምጠሽ እዪ። አልፈቅድም ካለሽ እዛው ጨርሰሻል። እና ጎበዞቹን አትመልከቺ፣ በጣም ደካማውን ልጅ ፈልጊና አሰልጣኙ ለሱ ምን እንደሚለው ስሚ።

እናት_ከሰሚት፦
ተባረኩ ሁላችሁም፣ የባህርዳሯ አስለቀስሽኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ የድሮ ተማሪ የጻፈው ጋ ሲደርስ "እኔ ያልኩሽ ይሄን ነው" አለ፣ ግን ሄደን እንየው ብሏል። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ልጄ ከማያውቀው ሰው ጋር መገናኘት በጣም ይከብደዋል፣ እዛም ሄዶ ጥግ ቢይዝስ?

ኔታንያ_ነኝ፦
ሰላም እህቴ፣ እኔ ቴኳንዶ ሳይሆን ጁዶ ነው የሰራሁት ግን ጥያቄሽ የራሴ ታሪክ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። እስራኤል ስመጣ 11 ዓመቴ ነበር፣ ዕብራይስጥ አልችልም፣ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፣ ይስቃሉ በኔ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ በኔ ነው የሚመስለኝ። አጎቴ ጁዶ ቤት ወሰደኝ። እዚህ ጁዶ ትልቅ ስፖርት ነው፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያኤል አራድ በ1992 ባርሴሎና ላይ ያመጣችው በሱ ነው።

ጁዶ ላይ መጀመሪያ የተማርኩት መውደቅ ነው። ለሳምንታት መውደቅ ብቻ። አገጭሽን ደረትሽ ላይ ታስጠጊያለሽ፣ በክንድሽ ምንጣፉን ጧ አድርገሽ ትመቺያለሽ፣ ትነሺያለሽ። ቋንቋ አይፈልግም። ሁሉም እኩል ነው ሚወድቀው፣ የዶክተር ልጅም የጽዳት ሰራተኛ ልጅም። ከዛ ደግሞ የሚጥልሽ ልጅ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ስትወድቂ እጅጌሽን አይለቅም፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ይይዝሻል ጭንቅላትሽ መሬት እንዳይመታ። መጀመሪያ የጣለኝ ልጅ እጅጌዬን ይዞ ከላይ ሲያየኝ ትዝ ይለኛል፣ እዛ አገር ማንም እንደዛ አይቶኝ አያውቅም ነበር። "በሴደር?" አለኝ፣ ደህና ነህ ማለቱ ነው፣ መልስ የሰጠሁበት የመጀመሪያ ዕብራይስጥ እሱ ነው።

ጁዶን እ.ኤ.አ በ1882 የመሰረተው ካኖ ጂጎሮ ሙያው መምህርነት ነበር፣ አንተም የልምምድ ጓደኛህም አብራችሁ ተጠቀሙ የሚል መርህ ነው ያስቀመጠው፣ እኔ ያንን ያወቅኩት በንባብ ሳይሆን በእጅጌዬ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ጥግ ቢይዝ አትፍሪ። መጀመሪያ ይይዛል። የጥንድ ልምምድ ያለበት ቦታ ከሆነ አንድ ሰው መጥቶ ፊቱ መቆሙ አይቀርም፣ ወሬ ፈጥሮ መግባት አይጠበቅበትም ማለት ነው፣ ለዓይናፋር ልጅ እንደዚህ የሚመች ነገር አላየሁም።

እናት_ከሰሚት፦
ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ሄደን ኢንተርናሽናሉን አየነው። ያላችሁኝን ደካማ ልጅ ፈለግኩ፣ አንድ ወፍራም ያለ ትንሽ ልጅ ሚዛኑን እየሳተ ሲወድቅ አሰልጣኙ መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ያንኑ እርግጫ ቀስ አድርጎ አብሮት ሰራ፣ ምንም አላለውም። ባለቤቴ "ልጄ ሰው ቢመታስ?" ብሎ ጠየቀው፣ "እናንተ ከመስማታችሁ በፊት እኔ እሰማለሁ" አለው፣ ሳቀና ተጨባበጡ። ልጄ ምንም አላለም ግን ማታ መኝታ ቤቱ ሳልፍ መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት፣ ዝም ብዬ አለፍኩ። ሰኞ ይጀምራል። ዶቦክ (የልምምድ ልብሱን) አሁኑኑ ልግዛለት ወይስ ይቆይ?

ሳቦም_ኮተቤ፦
እሰይ! አሁን አትግዢ። የመጀመሪያውን ወር በቱታና በቲሸርት ይስራ፣ የሚቆይ መሆኑን እዪ። ስትገዢ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊው፣ በዚህ እድሜ ቶሎ ይረዝማሉ፣ ሱሪውን ከስር አጥፈሽ ስፊለት በኋላ ትፈችዋለሽ። ቀበቶውን ግን አንቺ አትሰሪለት፣ እዛ የሚያስርለት ልጅ አለ።