ሥራን ለነገ ማሳደር፦ ጀምሮ ቶሎ ለመጨረስ ምን ይረዳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ3 ወር ማለቅ ያለበት ባለ 40 ገጽ የጥናት ጽሑፍ አለ። ዕቅዱ ወጥቷል፣ ሥራው ግን ከቀን ወደ ቀን እየተገፋ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
«ጥናቱን መጻፍ» የብዙ ሥራዎች ስም እንጂ አንድ ሥራ አይደለም። መነሻው ስለማይታይ ያስፈራል። «የመግቢያውን 3 አንቀጾች ሐሳብ በአንድ በአንድ መስመር ማስፈር» እስኪሆን ድረስ ይቆራርጡት። ከ30 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ከሆነ ገና አልተቆረጠም። ከዚያ ሰዓትና ቦታ ይስጡት፦ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጥኩ ፋይሉን እከፍታለሁ።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ይህንኑ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ነው። ጥቅሙ ሰዓቱ ሲደርስ ከራስ ጋር የሚደረገውን ክርክር ማስቀረቱ ነው።

መልስ 2፦
25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እረፍቱ ላይ ነው፤ ስልክ ከተነካ 5ቱ ደቂቃ 40 ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ደቂቃውን በእጅ ወይም በግድግዳ ሰዓት ይቁጠሩ። ሲያቆሙም ቀጥሎ የሚጻፈውን በአንድ መስመር አስፍረው ይነሡ፤ ነገ ባዶ ገጽ አይጠብቅዎትም።

መልስ 3፦
የመጨረሻ ቀን ብቻ ካለ ሥራው ሁሉ እዚያ ሳምንት ላይ ይከመራል። 40 ገጽ በ10 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 4 ገጽ ነው፤ የቀረው ጊዜ ለእርማት። በየዓርቡ ለአማካሪዎ ወይም ለጓደኛ ይላኩ። አንድ ሳምንት ካመለጠ ግን በቀጣዩ ላይ አይደርቡት፤ 8 ገጽ የተጫነበት ሳምንት መልሶ ያሸሻል፣ ለቀሩት ሳምንታት ያከፋፍሉት።

ጠያቂ፦
እየጻፍኩ ላርም ወይስ መጨረሻ ላይ?

መልስ 3፦
መጨረሻ ላይ።