ቆጥ ላይ ያለው የእማዬ ዕቃ፦ ምኑን ላውርድ፣ ምኑን ልተው?

ከዚራ ሰፈር
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ያ ጎርፍ የመጣ ሌሊት ውኃው እኛም ጋ ገብቶ ወገብ ድረስ ደርሶ ነበር። እኛ ተርፈናል፣ ተመስገን። ዕቃው ግን አልጋ ሥር ከነበረው ሻንጣ ጀምሮ ሁሉም ሄደ። ከዚያ ወዲህ እማዬ የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ ቆጥ ላይ ነው የምታወጣው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ማለቴ ነው። ጎርፍ አይደርስበትም፣ ሌባም አያየውም። እኔም እስካለፈው ሳምንት ልክ ናት ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአባቴን የምድር ባቡር ወረቀት ልፈልግ ወጣሁ። ግንቦት ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቆርቆሮው በእጅ አይነካም። አምስት ደቂቃ ሳልቆይ ልብሴ በላብ ራሰ። አልበሙ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ሳንቃ ሆነዋል። የአባቴ ካሴቶች ተጣመዋል። ጧፉ ቀልጦ የእማዬ ነጠላ ውስጥ ገብቷል። የወረቀቶቹን ጠርዝ አይጥ በልቶታል። እህቴ ከውጭ ለእማዬ የላከችው የስኳር መድኃኒትና የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕ ትርፉም እዚያው በፌስታል ተቀምጧል።

ምኑን ላውርድ? ወዴትስ ላድርገው? እማዬን እናውርደው ስላት "ውኃው ተመልሶ ቢመጣስ?" ትለኛለች፣ መልስ አጣለሁ።

ፋርማሲ ነኝ
አቦ መድኃኒቱን አሁኑኑ አውርጂው፣ ሌላውን በኋላ ታነቢያለሽ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እዪ። አብዛኛው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ውስጥ እንኳ 35 ይደርሳል፣ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሆን አስቢው። ኢንሱሊን ካለበት ደግሞ ያልተከፈተው ቦታው ፍሪጅ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ስትሪፑ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያገኘው ስትሪፕ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። እናትሽ በዚያ ቁጥር ተማምና መድኃኒት ብትቀንስ ወይ ብትጨምር አደጋ ነው። ቀኑ ስላላለፈ ብቻ ደህና ነው አይባልም። በዚያ ስትሪፕ መለካት ይቅር። መድኃኒቱን ሰብስበሽ ፋርማሲ ይዘሽ ሂጂ፣ የሚተካውን ይነግሩሻል። ሕክምናዋ ግን አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ።

ሳቢያን ኤሌክትሪክ
እኔ ሥራዬ ኮርኒስ ውስጥ መግባት ነው፣ ስለዚህ ልናገር። ሰው ቆጡን መጋዘን ሲያደርገው ሽቦ በዚያ እንደሚያልፍ ይረሳል። የድሮ ቤት ሽቦ ልባሱ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል። አይጥ ደግሞ ሽቦ ይበላል። በዚያ ላይ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ካርቶን ሲከመርበት እሳት የሚጠብቅ ማገዶ ነው። አንድ ቤት የገባሁት "መብራቱ ይርገበገባል" ተብዬ ነበር፣ አሮጌ ፍራሽ አንስቼ ሳይ የሽቦው መገናኛ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ፍራሹም መንደድ ጀምሮ በራሱ ጠፍቶ ነበር። ያን ቤት እስከ ዛሬ ሳልፍበት ትዝ ይለኛል።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ሲሊንደር ካለ ዛሬ ይውረድ። ጄሪካኑ ቢከደንም ይተናል፣ ትነቱም እዚያ ታምቆ ይቀመጣል። የበረሮ መግደያና የፀጉር ስፕሬይ ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርሱ ይላል። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ገብቼ ከዚያ በላይ አንብቤያለሁ። አሮጌ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ላፕቶፕም እንደዚያው፣ ባትሪው ያብጣል።

ሌላው ክብደት ነው። ቺፑድ ኮርኒስ በቀጭን ሞራሌ ላይ የተመታ ነው እንጂ ዕቃ እንዲሸከም አልተሠራም። እውነተኛ ቆጥ ከሆነ፣ ማለትም ወፍራም እንጨትና ጣውላ ካለው፣ የድግስ ድስት፣ ትሪ፣ ምጣድ፣ ጀበና፣ የብረት ወንበር ይቀመጥበት። እነዚህ ሙቀቱ ምንም አያደርጋቸውም።

የጀጎል ልጅ
ከሐረር ነኝ። እኛ ከናንተ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምንል አየሩ ይሻላል፣ ግን ይሄ ነገር እኛንም ነክቶናል። አያቴ ዕቃዋን ሁሉ ቃላ ላይ ነበር የምታስቀምጠው፣ ቃላ የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ የላይኛው ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨትና አፈር ስለነበር ቀን ሲነድ ውሎ እንኳ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። በኋላ ጣሪያው አፈሰሰና ቤተሰቡ ቆርቆሮ አለበሰው። ቦታው ያው ነው፣ ልማዱም ያው። ሙቀቱ ግን ሌላ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአያቴ ሞሶቦች ስንደዶው ደርቆ በጣት ሲነካ ይሰበር ጀመር። ቀለሙም ወየበ። አሁን የቀሩት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ድሮም የቤታችን ጌጥ ቦታው እዚያ ነበር። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታቸው ብቻ ነው የምንጠነቀቀው።

እናትሽን አልፈርድባትም። ጎርፍ ያየ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ከፍታውን አትከልክያት። ቆርቆሮውን ብቻ አርቂላት።

ፎቶ ቤት ያደግኩ
እህቴ፣ ፎቶዎቹን በደረቁ እንዳትላቅቂያቸው! አንዱ ሲነሳ የሌላውን ፊት ይዞ ነው የሚነሳው። የድሮ ፎቶ ቤት የታጠበ ፎቶ ላዩ ጄላቲን ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት እንደ ሙጫ ይሆናል። ጄላቲን ግን ውኃ ሲያገኝ መልሶ ይለቃል። የሚታየውን ሁሉ መጀመሪያ በስልክ አንሺ። ከዚያ ብዙም ከማትሳሽለት ክምር አንድ ሁለቱን ሞክሪ። ሰፊ ሳህን ላይ ንጹሕ፣ ያልሞቀ ውኃ አድርገሽ ንከሪው፣ እያየሽ ጠብቂ፣ ራሱ ሲለቅ ነው የሚለየው። ጥፍር፣ ቢላ፣ ምንም አያስፈልግም። ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥላ ውስጥ አድርቂ። ሻጋታ የበላውን፣ በኮምፒውተር ፕሪንተር የወጣውንም ውኃ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ቀለሙ ይሄዳል። ኔጋቲቭ ካገኘሽ በፍጹም አትጣዪ።

የተጣመመውን ካሴት ቴፑ ውስጥ አታስገቢ፣ ክሩን ይበላዋል። ክሩ ደህና ከሆነ ወደ ሌላ ቀፎ የሚያዛውር ሰው ፈልጊ።

ሳቢያን ኤሌክትሪክ
"ወዴት ላድርገው" ላልሽው፣ እኛ ቤት የሠራሁትን ልንገርሽ። ከመኝታ ቤቱ በር በላይ፣ የምዕራብ ፀሐይ የማይመታው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ጠንካራ መደርደሪያ አሠርቻለሁ። ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ከኮርኒሱ ግን በታች። ወረቀቱ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥበት ይዞ ከታሸገ ይሻግታል። ከዚያ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ውስጥ። ጎርፍ ቢመጣ ባልዲውን አንጠልጥሎ መውጣት ነው። ኮፒውን ደግሞ ወንዝ አጠገብ ያልሆነ ዘመድ ቤት አስቀምጪ።

ከዚራ ሰፈር
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መድኃኒቱን ትናንት አወረድኩ፣ ስትሪፑም ተቀይሯል። የባልዲውን ነገር ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "እጀታው ጠንካራ ይሁን" አለች። እሺ አለች ማለት ነው። አናጢ ቅዳሜ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከተጣበቀው ክምር ከላይ ያለው ፎቶ ጀርባ ላይ አባቴ በቀለም ብዕር የጻፈው አለ። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጽሑፉ አይለቅም?

ፎቶ ቤት ያደግኩ
የቀለም ብዕር ከሆነ ይለቃል። ያንን አታስገቢው። ጽሑፉን ዛሬ በጥሩ ብርሃን አንሺው፣ ክምሩንም እንዳለ ጠፍጣፋ አድርገሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆዪው። ሌሎቹን ከጨረስሽ በኋላ እሱን አብረን እናየዋለን።