ነጥቡን ሁሉ አንድ ልጅ ያገባል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ

የጠባሴው ኮች

ሰላም ለቤቱ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ጠባሴ አካባቢ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ ከሥራ ስወጣ ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ኳሷንም የገዛናት በመዋጮ ነው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ቀለበቱ መረብ የለውም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከሩቅ የተወረወረ ሁሉ ወደ አጥሩ ስለሚሄድ የኛ ጨዋታ ሰብሮ መግባት ብቻ ሆኗል።

ሰብሮ የሚገባ አንድ ልጅ አለኝ። ከመንዝ ለትምህርት የመጣ ነው። ቁመቱ ይህን ያህል አይደለም፣ ግን በግራም በቀኝም ያነጥራል። ሁለት ሰው መሀል መጀመሪያ ትከሻውን ያስገባል፣ ከዚያ ኳሷን በታች አሳልፎ በወዲያ በኩል ይወጣል። ከቡድናችን ነጥብ ከግማሽ በላይ የእሱ ነው።

ያቃተኝ የቀሩት አራቱ ናቸው። እሱ ኳስ ሲይዝ ይቆማሉ። አንዱ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፣ አንዱማ ባለፈው ጨዋታ እየተካሄደ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር! ከሸዋ ሮቢት የመጡትን ልጆች እዚህ አሸንፈናል። እውነቱን ከተናገርን ያሸነፈልን ዳገቱ ነው፣ ከቆላ ወጥተው ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። እነሱ ዘንድ ስንወርድ ግን ሁለት ተከላካይ ልጁ ላይ ለጠፉበትና አበቃ፣ ሌላ የሚያገባ ጠፋ።

«አቀብል» ስለው ምን ይለኛል መሰላችሁ? «ኮቼ፣ ኮቤ 81 ሲያገባ ማን አቀብል አለው?» አባቱ ደግሞ ከሜዳው ዳር ሆነው «ለልጄ ስጡት!» እያሉ ይጮኻሉ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ዝም በሉ ልላቸው አልችልም።

የአሜሪካውን ሊግ ኤንቢኤን የምታውቁ ሰዎች፣ ልጁን ልያዘው ወይስ ልተወው?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት (ደብረ ሲና)

ኮች፣ ይሄ ልጅ ጠበቃ ይወጣዋል፣ ስለዚያች ሌሊት ያለው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2006 የኮቤ ብራያንት ቡድን ሌከርስ ከቶሮንቶ ራፕተርስ ሲጫወት ለዕረፍት የወጡት ቶሮንቶዎች 63 ለ 49 እየመሩ ነው። ኮቤ እስከዚያ 26 ነበረው፣ ከዕረፍት መልስ 55 ጨመረበት። 46 ሞክሮ 28 አገባ፣ ከቅጣት መስመር ከ20 18 አስቆጠረ። ለጓደኞቹ ያቀበለው ያለቀለት ኳስ (ወዲያው ወደ ነጥብ የተቀየረ ቅብብል) 2 ብቻ ነው። ሌከርስ 122 ለ 104 አሸነፈ። ያን ምሽት «አቀብል» ብሎ የሚጨቀጭቅ ሰው ቢኖር ጨዋታውን ያስበላ ነበር። በአሠልጣኙ ወንበር ላይ የተቀመጠው ደግሞ ከማንም በላይ ቅብብል የሚሰብከው ፊል ጃክሰን ነው፣ እሱ እንኳ ተወው።

ግን ልጁ ቪዲዮውን እዚያ ላይ አቁሞታል። የቀጠለውን አሳየው። በዚያው ዓመት ኮቤ በአማካይ 35.4 ነጥብ አስቆጥሮ ጥሎ ማለፍ ገቡ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ፊኒክስ ሰንስን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 መርተው 4 ለ 3 ተሸነፉ። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ኮቤ 50 አግብቶ እንኳ በተጨማሪ ሰዓት 126 ለ 118 ተረቱ። በወዲያ በኩል የነበረው ስቲቭ ናሽ ነው፤ በ2005 እና በ2006 የሊጉ ኮከብ የተባለው ኳስ አቀብሎ ሰውን በማጫወቱ ነው።

ሰባተኛውን ጨዋታ ሳየው እስካሁን ይገርመኛል። ከዕረፍት በኋላ ኮቤ ሦስት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ያስቆጠረው አንድ ነጥብ ነው። 121 ለ 90 ተደቆሱ። አኩርፎ ነው የሚል አለ፣ የለም፣ በታዘዘው መሠረት እያቀበለ ነው የሚልም አለ። ለኔ እሱ አይደለም ቁም ነገሩ። እሱ ሲያቆም የቀሩት የሚያደርጉት ጠፋቸው። ዓመቱን ሙሉ ሲያዩት ነዋ የከረሙት!

በ2008 ረጅሙ ፓው ጋሶል ወደ ሌከርስ መጣ፣ ከዚያ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ በሉ። ኮቤ መወርወሩን አልተወም። ሁለት ሰው ሲይዘው ኳሷን አምኖ የሚሰጠው ሰው አገኘ።

ጋሽ ሴንተር

ልጆቼ፣ ሁልጊዜ ኮቤ፣ ኮቤ። በኛ ዕድሜ የምንከራከረው በዊልት ቻምበርሊን ነበር። መምህር ሳለሁ ለተማሪዎቼ ስለእሱ ስነግራቸው ውሸት ይመስላቸው ነበር፤ 1962 ላይ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጥሯል፣ የዓመቱ አማካይ ደግሞ 50.4 ነው! ዋንጫውን ማን ወሰደው? ቢል ራስል ያለበት ቦስተን ሴልቲክስ። የሊጉ ምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ 109 ለ 107 ጥለውት ሄዱ። ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ነው የሰበሰበው፣ ነጥብ በማስቆጠር ግን ከዊልት አጠገብ አይደርስም።

አምስት ዓመት ቆይቶ ዊልት ፊላደልፊያ ሰቬንቲሲክሰርስ እያለ አሠልጣኙ አሌክስ ሃነም አጨዋወቱን ቀየረለት። ኳሷ አሁንም ወደ እሱ ትገባለች፣ ግን እሱ ሲይዛት ሌሎቹ በጎኑ ወደ ቀለበቱ ይሮጣሉ። አማካይ ነጥቡ ወደ 24.1 ወረደ፣ በጨዋታ ወደ 8 ገደማ ያለቀለት ኳስ ማቀበል ጀመረ። ቡድኑ 68 አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ። ስምንት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ሲበላ የኖረውን ቦስተንን 4 ለ 1 አሰናብቶ 1967 ላይ ዋንጫውን አነሳ።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በል ኮች። በቀጣዩ ዓመት ዊልት 702 ያለቀለት ኳስ አቀብሎ የሊጉ አንደኛ ሆነ። እንደገና ቦስተን ገጠማቸው፣ 3 ለ 1 ይመሩ ነበር፣ ሰባተኛው ላይ ደረሱ። በሁለተኛው አጋማሽ ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞከረ፣ 100 ለ 96 ተሸነፉ። ደብረ ሲናው ወንድማችን የጻፈውን የኮቤን ሰባተኛ ጨዋታ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ማቀበልም እንደዚያው በዝቶ ቡድን ይጥላል። ስለዚህ ልጁን «አታግባ» የምትለው ከሆነ ከሁለቱም የወጣ ሰው ታደርገዋለህ።

የገብስ አጨዳ ደቦ አይተህ የለ? ፈጣኑ አጫጅ ከፊት ሲወጣ የቀረው ማጭዱን ይዞ ቆሞ አያየውም፣ በራሱ መስመር ይከተለዋል። አንተ ማስተካከል ያለብህ የቆሙትን ነው።

ጥግ ላይ የነበርኩት

እኔ ከቆሙት ወገን ልናገር። እዚያው ደብረ ብርሃን ነው የተማርኩት። በትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ የኔ ቦታ ደግሞ የቀኙ ጥግ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት ስንጫወት ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ እጄን እጅጌዬ ውስጥ ከትቼ እጠብቃለሁ። እሷ ትሞክራለች፣ ትሞክራለች፣ ሦስት ሰው ሲከባትና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷን ወደኔ ትወረውራታለች። ጣቴ አይታጠፍም። ኳሷ መዳፌን መትታ ከመስመር ትወጣለች፣ ከዚያ «መያዝ እንኳ አቃታት!» ይባላል።

ጋሼ ስለቆሙት ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሰው ዝም ብሎ አይቆምም። ሁለት ሦስቴ ክፍት ቦታ ሮጦ ኳስ ካልመጣለት አራተኛውን አይሮጥም። እኔ መከላከሉም ነበር ያስጠላኝ፤ ኳሷን ቀምቼ ብሰጥ ያው እሷ ናት የምትወስዳት ብዬ። ስለዚህ ኮች፣ ክር የሚያስረውን ልጅ አትቆጣው። ኳስ ከነካ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠይቀው።

ለልጁ ኮቤን ሳይሆን የቺካጎ ቡልሱን ማይክል ጆርዳንን አሳየው። 1986-87 ላይ በአማካይ 37.1 አስቆጥሮ ቦስተን በመጀመሪያው ዙር 3 ለ 0 አሰናበተው። የመጀመሪያውን ዋንጫ በ1991 ሲበላ ግን ከሌከርስ ጋር በአምስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ተከላካዩ ሁሉ ወደ እሱ ሲሰበሰብ የቡድን ጓደኛው ጆን ፓክሰን ባዶ ቦታ ቆሞ ነበር። ያኔ የቡልስ አሠልጣኝ የነበረው ፊል ጃክሰን ጨዋታውን ለአፍታ አስቁሞ ክፍት ያለው ማን እንደሆነ ጆርዳንን ጠየቀው፣ ጆርዳንም ፓክሰን ነው አለ። ፓክሰን በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች 10 ነጥብ አስቆጠረ። ፓክሰን ያን ያህል ረጋ ብሎ የወረወረው ያን ቀን ተአምር ወርዶለት አይደለም። ረዳት አሠልጣኙ ቴክስ ዊንተር ያስተማራቸው የሦስት ማዕዘን አጨዋወት ኳሷን በየሰዉ እጅ ስለሚያዞራት ዓመቱን ሙሉ ሲነካት ነው የከረመው።

ልምምድ ላይ ይህን ሞክር፦ ማንጠር ክልክል ይሁን። የተቀበለ ሰው ወይ ያቀብላል ወይ ይወረውራል፣ ያቀበለ ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ቀለበቱ ይሮጣል። መቆም የሚባል ነገር አይኖርም፣ ልጅህም ኳስ የሚያገኘው ሮጦ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው።

መሀል ሜዳ

አሁን ደግሞ አንዱ መጥቶ 2004ን ይጠራል፣ አንድ ቀንደኛ አስቆጣሪ የሌለው ዲትሮይት የሌከርሶቹን ሻክን፣ ኮቤን፣ ማሎንንና ፔይተንን በፍጻሜው 4 ለ 1 ረታ ይላል። እኔ ቀድሜ ልጥራውና እንገላገል። ሃያ ዓመት አልፎት እስካሁን የሚጠራው ለምን ይመስላችኋል? ብርቅ ስለሆነ ነው። ያለ አንድ ቀንደኛ አስቆጣሪ ዋንጫ የበላ ቡድን በጣት ይቆጠራል።

የመንዝ ልጅ ነው ብለሃል፣ እኛን ደግሞ ተው ስንባል ይብስብናል። ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 በአንድ ሌሊት የሆነውን ንገረው፦ የፊኒክሱ ዴቪን ቡከር 62 አግብቶ በኢንዲያና ተሸነፈ፤ ያኔ ለዳላስ ይጫወት የነበረው ሉካ ዶንቺች 73 አግብቶ አትላንታን 148 ለ 143 አሸነፈ። ሉካ በዚያው ጨዋታ 7 ያለቀለት ኳስም አቀብሏል። በዚያው ዓመት ዳላስን ለፍጻሜ አደረሰው፣ እዚያ ግን ቦስተን 4 ለ 1 ገረፋቸው፣ ምክንያቱም ቦስተኖች ከየትኛውም ጥግ የሚያገባ ሰው ነበራቸው። ልጁ 73ቱንም 7ቱንም እንዲወዳቸው አድርግ፣ የቀረው ይመጣል።

የጠባሴው ኮች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼና እህቴ።

ቅዳሜ ማንጠር ከለከልኩ። መጀመሪያ ላይ ልጁ ተናደደ፤ ኳስ ሲደርሰው በልማዱ መሬት ይመታታል፣ እኔ ፊሽካ እነፋለሁ፣ ኳሷ ለሌላው ቡድን ትሰጣለች። አንዴማ ኳሷን በእግሩ ለግቶ አጥር ላይ ሰቀላት፣ ሄዶም እራሱ አወረዳት። በኋላ ግን ለክረኛው ልጅ አቀብሎ በተከላካዩ ጀርባ ሮጠ። ክረኛው ኳሷን መሬት አስነክቶ አቀበለው፣ ማንም ሳይነካው ከቀለበቱ ሥር አስገባ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ መቀባበል ጀመሩና ሌላ ጣጣ መጣብኝ፣ እሱን እየሠራሁበት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ቢያንስ መሮጥ ይዘዋል።

አባትየው አሁንም ይጮኻሉ። «ለምን ማንጠር ትከለክለዋለህ፣ ልጁ እኮ የሚያውቀው እሱን ነው» ብለው ቡና ቤት ድረስ ተከትለውኝ መጡ።

መሀል ሜዳ

ደብተርና እስኪርቢቶ ስጣቸው። «አባቴ፣ ጸሐፊ አጥተናል፣ ወደ ነጥብ የተቀየረ ቅብብል ይመዝግቡልን» በላቸው። የሚጽፍ ሰው አይጮኽም።

የጠባሴው ኮች

ለልጃቸው ያዳላሉ እኮ!

መሀል ሜዳ

ያዳሉ። የሚያዳሉት ልጁ ያቀበለውን በመቁጠር ከሆነ ምን ቸገረህ?