ዲስትራክተር «አፍራሽ» ነው እንዴ?

ቀለሜዋ፦ ለጀማሪዎች የሲ ፕላስ ፕላስ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ማስተማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ኦብጀክት (ዳታና ሥራን አንድ ላይ የያዘ የፕሮግራም ክፍል) ሲፈጠር የሚያሰናዳውን ኮንስትራክተር «ገንቢ» አልኩት። ዲስትራክተር ላይ ተያዝኩ። «አፍራሽ» ስለው የደርግ ዘመን መግለጫ ይሆንብኛል፤ «አፍራሽ ኃይሎች» ምናምን። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ፊደል፦ እውነትሽን ነው ልጄ። «አፍራሽ አስተያየት» ሲባል ስለ ግንብ የሚያስብ የለም፤ ቃሉ ክፋት ተሸክሟል። ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

ኮደሩ፦ ጋሼ፣ ኦብጀክቱ ጊዜው ሲያበቃ የከፈተውን ፋይል ይዘጋል፣ የያዘውን ሜሞሪ ይመልሳል። ቁልፍ መልሶ የሚወጣ ተከራይ በሉት።

ጋሽ ፊደል፦ ታዲያ ይሄ ምኑን አፈረሰ? «አስረካቢ» ነው እንጂ!

ቀለሜዋ፦ ወደድኩት። ግን ገንቢው ሥራውን ሳይጨርስ ቢወድቅስ?

ኮደሩ፦ ጉዱ እዚያ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ገንቢው መሃል ላይ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ከወረወረ፣ ኦብጀክቱ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። አስረካቢው አይጠራም። ተሠርተው ያለቁት አባላቱ (በውስጡ ያሉት ክፍሎች) ብቻ፣ መጨረሻ የተሠራው ቀድሞ፣ በየተራ ያስረክባሉ። ገንቢው ውስጥ በ«ኒው» ትእዛዝ ወስደሽ በተራ ፖይንተር (አድራሻውን ብቻ በሚይዝ) የያዝሽው ሜሞሪ ግን ጠያቂ የለውም፤ ፈሶ ይቀራል።

ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ሌላ ነው። «ኢኒት» (የፓይተኑ ገንቢ) ሲጀምር ኦብጀክቱ ቀድሞ ተፈጥሯል። ስለዚህ ኢኒት ቢወድቅም «ዴል» (የፓይተኑ አስረካቢ) ይመጣል። አንዴ የኔ ኢኒት ፋይሉን መክፈት አቃተው። ዴል ከተፍ ብሎ «ፋይሉን ልዝጋ» አለ። የቱን ፋይል? አትሪቢዩት ኤረር፣ «እንዲህ የሚባል ነገር የለውም» የሚል ስህተት! እኔም ዋናውን ስህተት ትቼ እሱን ሳባርር ዋልኩ።

ጋሽ ፊደል፦ ያልተረከበ ምኑን ያስረክባል! አማርኛ ለዚህ «ጨነገፈ» ይላል። ፅንስም ዕቅድም ይጨነግፋል።

የወሎዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ቃል የደረሰባት እናት ብታነበው ይከብዳል። «ከሸፈ» ቢባልስ? ጥይት ይከሽፋል። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግርም ከሸፈ ነው የሚባለው።

ጋሽ ፊደል፦ ተረታሁ። ቃታው ተስቧል፣ ጥይቱ ግን አልወጣም። ከዚህ የሚቀርብ አላገኝም።

ቀለሜዋ፦ እንዲህ ልጻፈው? «ግንባታው ከከሸፈ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የዚያ ኦብጀክት አስረካቢ አይጠራም፤ በፓይተን ግን ሊጠራ ይችላል።»

ኮደሩ፦ አሪፍ! መድኃኒቱንም ጨምሪበት። ኢኒት መጀመሪያ ላይ ፋይሉን «ነን» (በፓይተን «ምንም የለም» ማለት ነው) ብለሽ አስቀምጪ። ዴል ውስጥ ደግሞ ነን ካልሆነ ብቻ ይዝጋ። በሲ ፕላስ ፕላስ በኩል ስማርት ፖይንተር ተጠቀሚ፤ እሱ ራሱ አባል ስለሆነ የራሱን ያስረክባል።

የወሎዋ፦ «ገንቢ»ንስ ዝም ብለን ልናልፈው ነው? እናቴ ከትከሻዬ በላይ «ገንቢው ቢወድቅ» የሚለውን አንብባ፣ እንቁላሉ ነው ወተቱ የወደቀው አለችኝ።