ለፎቶ ክምር የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? ጥቆማ ከድሬ

ከዚራ ያለችው ስቱዲዮዬ ውስጥ አራት ሃርድ ዲስክ አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሦስቱ ፎልደር ስም «አዲስ ፎልደር» ነበር። ሰርጉም፣ ምርቃቱም፣ ልደቱም አንድ ላይ ተደባልቋል። «የዛሬ ሦስት ዓመት ያነሳኸንን ሰርግ ፈልግልን» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ላብ ያጠምቀኛል። የድሬ ሙቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፒካሳን፣ የጉግልን የድሮ ፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም፣ የለመዳችሁ እርሱት። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ትቶታል።

ጉግል ፎቶስ ለስልክ ፎቶ አሪፍ ነው፤ ፍለጋውም ግሩም ነው። ግን ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር ተጋርቶ። አንድ ሰርግ ላይ 2000 ፎቶ በራው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሳነሳ፣ አንዱ 25 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 50 ጊጋባይት ሆነ። ይሄን በእኛ ኢንተርኔት መጫን? አቦ ተዉኝ።

ላይትሩም የሚባለው የአዶቢ ፕሮግራም ለኤዲቲንግ ወደር የለውም። ክፍያው ግን በየጊዜው የሚታደስ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ይፈልጋል። ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈልበት በተሰበረ ፈቃድ የሚሠራውን ኮፒ፣ አልመክርም፤ አንዴ ቫይረስ ይዞብኝ ገብቷል።

እኔ የረጋሁት ዲጂካም በሚባል የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ነው። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል። ታጉን፣ ማለትም ለፎቶው የሚሰጠውን መለያ ቃል፣ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ «ሰርግ»፣ «መልስ»፣ «ምርቃት»። የሰው ፊት መለየትም ይችላል፣ ፎቶው ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጣ።

የማረከኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ከረዳቴ ጋር ሁለት ካሜራ ይዘን ወጣን። የእኔ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የሱ በእኛ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእኔ 9:00 ሲል የሱ 3:00 ይላል። በሰዓት ሲደረደር ሙሽራዋ ተኩላ ሳትጨርስ ከቤት ወጥታ መኪና ውስጥ ገብታለች። ዲጂካም ላይ የረዳቴን ፎቶዎች በሙሉ መርጬ ስድስት ሰዓት ጨመርኩበት፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

እንከን አለው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ፎልደሮቹን ሲቃኝ ይንቀራፈፋል፤ ማታ ከፍታችሁለት ግቡ። የበተኑ ብዛትም ያደናግራል። ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ታጉ ፎቶው ፋይል ላይ እንዲጻፍ ምረጡ። አለበለዚያ ፕሮግራሙ ታጉን የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ ሲበላሽ ልፋታችሁ አብሮ ይሄዳል።

ቶሎ ቶሎ አይቶ ለመምረጥ ብቻ ከሆነ ፋስትስቶን የሚባለው የፎቶ ማያ ፕሮግራም ቀላል ነው። ለቤት ነጻ ነው፤ ለንግድ የምትጠቀሙ ግን ፈቃድ ግዙ።

ሐረር ያለ ጓደኛዬ ማታ ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶችን ያነሳል። ጅቡ አንድ፣ ፎቶው ሦስት መቶ። ዲጂካም ላይ ተመሳሳዮቹን የሚፈልግ መሣሪያ እንዳለ አሳየሁት። ደስ ብሎት ሊደልት ሲል እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጥ አልኩት፣ በሌላ ዲስክ፣ ሌላ ቤት።